ገና፣ ገና ነው

«ገና» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ሥራ ይሠራል። በዓሉ ገና ነው፤ ያልደረሰ ነገርም ገና ነው። ሊቃውንት የበዓሉን ስም ከግሪክኛው የልደት ቃል ጋር ያያይዙታል፤ እንግዲህ ሁለቱ በአንድ ድምፅ የገጠሙት ሳይታሰብ ነው። ሳይታሰብም ቢሆን እኔ ግጥምጥሙን እወደዋለሁ። በጾመ ነቢያት ለሠርክ ጉባኤ መዝሙር የሚያወጣ ሰው ብዕር ከማንሣቱ በፊት ሊያስበው የሚገባው ነገር በእነዚህ ሁለት ፊደላት ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ልማዱ ግን ሌላ ነው። ታኅሣሥ ሲገባ፣ አንዳንድ ቦታ እንዲያውም ኅዳር ሳይወጣ፣ የ11 ሰዓቱ ጉባኤ ቤተልሔም ይደርሳል። በረቱ፣ ግርግሙ፣ እረኞቹ፣ ሰብአ ሰገል ከነኮከባቸው ታኅሣሥ 10 ላይ ጓዛቸውን ጠቅልለው ይገባሉ። ከበሮው ይመታል፤ ጭብጨባው ይሞቃል፤ እናቶች እልል ይላሉ። ከዚያ ሰባኪው ይነሣና ነቢያት የመሲሑን መምጣት ስንት ዘመን እንደጠበቁ ማስተማር ይጀምራል። የሚሰማው ሕዝብ ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በፊት ተወለደ ብሎ ያጨበጨበ ሕዝብ ነው።

ነገሩን የሚያነሣ ሰው ሲገኝ መልሱ የታወቀ ነው፤ «መዝሙር መዝሙር ነው፣ ምን ችግር አለው?» ይባላል። እኔ ችግር አለው ባይ ነኝ። ችግሩም የቀን መቁጠሪያ ችግር ብቻ አይደለም። ልደትን ቀድመን ስንዘምር ሁለት ነገር እናጣለን። የመጠበቂያውን ወቅት ዜማ እናጣለን፤ የልደቱንም ዜማ አርጅቶ እንዲደርስ እናደርገዋለን።

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ልናዘዝ። ከብዙ ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት የመዝሙር ክፍል ተጠሪ ነበርኩ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ለታኅሣሥ ጉባኤያት መርሐ ግብር ለማውጣት ስብሰባ እንቀመጣለን። ክፍላችን ጠባብ ናት። ጥግ ላይ ሁለት ከበሮ ተደራርበዋል፤ የመዘምራን ልብስ በሚስማር ተሰቅሏል፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ማንም ያላጠፋው የግዕዝ ትምህርት አለ። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የመክፈቻ ጸሎት፣ መዝሙር 2፣ የወንጌል ንባብ፣ መዝሙር 1፣ ስብከት 40 ደቂቃ፣ መዝሙር 2፣ ማስታወቂያ፣ የመዝጊያ ጸሎት። አምስት ባዶ ቦታ አለን፤ የእኛ ሥራ ባዶ ቦታ መሙላት ነው።

«ያንን የልደቱን እናድርገዋ፤ ሰዉ ይወደዋል» ይላል አንዱ።

«አዎ፣ ደግሞ ልምምድም ይሆነናል» ትላለች ሌላዋ።

ጸደቀ። ስብሰባው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሰንበቱ ማን ይባላል ብሎ የጠየቀ ሰው ትዝ አይለኝም። እኔም አልጠየቅሁም።

ታኅሣሥ 29 ሌሊት ደረሰ። ነጭ ለብሰን ቆምን፤ ከበሮው ተመታ፤ ያንኑ መዝሙር አነሣን። ሕዝቡ አብሮን ዘመረ፤ ግን የዘመረው የሰፈሩን መንገድ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ እግሩ ያውቀዋል፣ ዓይኑ አያየውም። ከፊት የቆሙ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ለብቻዋ የምታወጣው ልጅ ድምፅ በሦስት ሳምንት ጉባኤ ሻክሮ፣ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ተሰነጠቀ። ዓመት የጠበቅነው ሌሊት የታኅሣሥ 10 ጉባኤ ድጋሚ ሆኖ አለፈ።

ከበዓሉ በኋላ ለደብሩ መሪጌታ ቅሬታዬን ነገርኳቸው። «የኔታ፣ ዘንድሮ ልደቱ ቀዘቀዘብን» አልኩ።

እሳቸው መቋሚያቸውን ግድግዳ አስደግፈው ሳቁ። «ልጄ፣ እረኛውን ሳትጠሩ እኮ ነው በረት የገባችሁት» አሉኝ።

ያን ጊዜ ቀልድ መሰለኝ። የተናገሩት ግን ስለ ሥርዓቱ ነበር። ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 የሚውለው እሑድ ስብከት ይባላል፤ ከ14 እስከ 20 የሚውለው ብርሃን፤ ከ21 እስከ 27 የሚውለው ኖላዊ። ኖላዊ ማለት እረኛ ነው። ስብከት የነቢያቱ ሰንበት ነው፤ ይመጣል ብለው ያሉት ይታሰብበታል። ብርሃን ላይ ዳዊት በመዝሙር 42 እግዚአብሔር ብርሃኑን እንዲልክ የለመነው ልመና ይነሣል፤ ከወንጌልም የዮሐንስ የመጀመሪያው ምዕራፍ ይነበባል። ኖላዊ ላይ ደግሞ የመዝሙር 79 ጥሪ አለ፤ የእስራኤል እረኛ ጆሮውን እንዲያዘነብል የሚማጸነው፤ ወንጌሉም ስለ መልካሙ እረኛ የሚናገረው ዮሐንስ ምዕራፍ 10 ነው። ልብ በሉ፤ ሳምንታቱ ቅደም ተከተል አላቸው። መጀመሪያ ወሬው ይሰማል፤ ቀጥሎ የጨለመበት ሰው ብርሃን ይለምናል፤ በመጨረሻ የጠፋ በግ እረኛውን ይጠራል። ከዚያ በኋላ ነው በረት የሚገባው። በመጨረሻው ሳምንት እረኛን የሚጣራ ሕዝብ በልደት ሌሊት ሌሎች እረኞች በሜዳ ላይ መንጋ ሲጠብቁ ያገኛቸዋል። ይህን የሰካካው ሰው የመርሐ ግብር ወረቀት እንደ እኛ በሩብ ሰዓት የሞላ ሰው አይደለም።

የሥርዓቱ ባለቤት ያሬድ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአክሱም፣ ዓመቱን በሙሉ በዜማ ከፋፍሎ ለየወቅቱ የሚገባውን የሰጠው እሱ እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ዜማው በቃል ሲወርድ ቆይቶ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ምልክት ተበጀለት፤ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት። አንድ ደብተራ የዜማውን መጽሐፍ፣ ድጓውን፣ ለማስመስከር ዓመታት ይፈጃል። ያሬድ ለሠርኩም ቢሆን ባዶ ቦታ አልተወልንም፤ ዋዜማ የሚቆም ሰው ከዋዜማው ተነሥቶ በእግዚአብሔር ነግሠ፣ በይትባረክ፣ በሠለስት በኩል አልፎ በሰላም ይዘጋል፤ እያንዳንዱ ክፍል የሚለወጠው በዓሉና ወቅቱ በሚያዘው ነው። ይህ ሁሉ ከአዳራሻችን 50 ሜትር በማይርቅ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ እየተዜመ፣ እኛ ሌላ ቀን እንዘምራለን። መሪጌታው ታኅሣሥ 14 ላይ ናቸው፤ እኛ 29 ላይ። በአንድ ቅጥር ግቢ ሁለት ቀን።

ተቃዋሚዎቼን አላናንቃቸውም። ከመካከላቸው አንዱ ያነሣው መከራከሪያ ለብዙ ጊዜ አፌን ዘግቶታል። እንዲህ ነበር ያለኝ፤ «ክርስቶስ ከተወለደ 2000 ዓመት አልፎታል። እኛ የብሉይ ኪዳን ሰዎች አይደለንም። እንዳልተወለደ ሆነን ና እያልን መዘመር ትያትር ነው፤ የምናውቀውን እንደማናውቅ መሆን ነው።» ጠንካራ ነገር ነው። በስሜት የሚመለስ አይደለም።

መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእናቴ ወጥ ቤት ነው። የታኅሣሥ 28 ማታ ነው። ሽንኩርቱ ከቀትር ጀምሮ ሲቁላላ ውሎ ጠቁሯል፤ በርበሬው ገብቷል፤ ዶሮው 12 ብልት ሆኖ ታጥቦ በሎሚና በጨው ተዘፍዝፏል። ቤቱ በሙሉ ይሸታል። እናቴ ወጡን ታማስላለች እንጂ አትቀምስም። ጨውን በሽታ ትለየዋለች፤ ካልተማመነች ደግሞ ጾም ያልደረሰበትን ታናሽ ወንድሜን ትጠራና በማማሰያው ጫፍ መዳፉ ላይ ጠብ ታደርግለታለች። «ልኩ ነው?» ትለዋለች። እሱ በኩራት ይፈርዳል። እናቴ ዶሮው ዶሮ መሆኑን አልረሳችም። ክርስቶስ መወለዱንም አልረሳችም። ሆኖም ከቅዳሴ መልስ ካልሆነ በቀር አንዲት ጠብታ ምላሷን አታልፍም። ይህ ትያትር ነው? ከሆነ 44 ቀን ሙሉ የምንጾመው ጾም በሙሉ ትያትር ነው። ካልሆነ ግን ሆዳችን የሚጠብቀውን ሌሊት አንደበታችን ለምን አይጠብቅም? ሥጋና ቅቤ ለልደት አቆይተን መዝሙሩን በታኅሣሥ 10 የምንፈስክበት ምክንያት ምንድን ነው?

እንዲያውም ልጨምር። በወሩ አጋማሽ ላይ አንድ የሰንበት ተማሪ ጉባኤው መካከል ቆሞ ክትፎ ቢበላ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። በመዝሙር ሲሆን እልል ይባልለታል።

ሁለተኛው መከራከሪያ የቁጥር ነው፤ ወጣቱ ሞቅ ያለ መዝሙር ካላገኘ አይመጣም ይባላል። በዚህ ብዙ አልቆይም። ዓርብ ስቅለትን እዩት። ከበሮ የለም፣ ጸናጽል የለም፣ ጭብጨባ የለም። ሰው ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሲሰግድ ይውላል፤ ግቢው አይበቃውም፤ አስፋልቱ ላይ ሳይቀር ይሰገዳል። ከሰጋጁም ብዙው ወጣት ነው። በዚያ ቀን ተነሥቶ «ሕዝቡ ቀዝቅዟልና አንድ የትንሣኤ መዝሙር ጣል እናድርግለት» የሚል የመዝሙር ክፍል ተጠሪ እስካሁን አልገጠመኝም። ለሰሙነ ሕማማት የሰጠነውን ክብር ለጾመ ነቢያት የነፈግነው ሕዝቡ ስለማይችል አይደለም፤ እኛ ስላላስተማርነው ነው።

ደግሞ ይህ ወቅት ደስታ የለውም ያለ ማን ነው? ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ነው። ሦስቱ ወጣቶች ከእቶን እሳት የወጡበት ቀን ሲከበር ቁልቢ በሰው ይጥለቀለቃል፤ ከበሮና እልልታው ጾሙን ሳይፈታ ይደምቃል። ታኅሣሥ 22 ደግሞ መልአኩ ለድንግል ያበሠረበት ይታሰባል፤ መጋቢት 29 የሚውለው ብሥራት በዐቢይ ጾም ስለሚያዝ በዓሉ እዚህ መጥቶ ይከበራል። የሚዘመር ነገር ለጠፋበት ወሩ ሞልቶ የተረፈ ነው። ያልደረሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን አንዱን ካልዘመርን የሚለን ግትርነት ግን ሁሉንም ያስረሳናል።

እዚህ ላይ በእኔ ወገን የቆሙ የሚመስላቸውንም ልቆጣ። የልደትን መዝሙር አውጥተው በምትኩ ጉባኤውን ለቅሶ ቤት የሚያደርጉት አሉ። ጾም ነው ይሉና መብራቱን ቀንሰው፣ በገና አስደርድረው፣ ስለ ሞትና ስለ ኃጢአት ብቻ ያዘምራሉ። በገናን እወዳለሁ፤ አሥሩ አውታር ሲንቀጠቀጥ የማይረጋ ልብ የለኝም። ነገር ግን ጾመ ነቢያት ትንሽ ዐቢይ ጾም አይደለም። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ፤ በዚህኛው ጾም ግን ኅዳር 21 ጽዮን ላይ ሊቃውንቱ በሙሉ ወረብ እንደሚያሸበሽቡ አክሱም ሄዶ ማየት ይቻላል። የነቢያቱ ስሜት ናፍቆት ነው። ናፍቆት ከሐዘን ይለያል፤ ሐዘንተኛ የሄደውን ያስባል፣ ናፋቂ የሚመጣውን። ሐዘንተኛ በር ይዘጋል፣ ናፋቂ በር በሩን ያያል። ያሬድ ለዚህ ዓይነቱ ልብ አራራይ የሚባል ዜማ ትቶልናል፤ ስሙ ራሱ ማራራት ነው፤ ማስለቀስ አይደለም። ስለዚህ በታኅሣሥ ጉባኤ ላይ በገና ይደርደር፤ ግን መዝሙሩን ለመቅጣት ሳይሆን ሕዝቡን በር በሩን ለማሳየት ይደርደር።

«ፈረንጆቹስ?» የሚለው ደግሞ አለ። ከታኅሣሥ መጀመሪያ ጀምሮ ቦሌ አካባቢ ያሉ ሆቴሎችና የገበያ አዳራሾች የፕላስቲክ ጥዳቸውን ያቆማሉ፤ ቀይ ቆብ ያደረገ ዘበኛ በር ይከፍታል፤ ድምፅ ማጉያው የእንግሊዝኛ የገና ዘፈን ይለቃል። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ላይማ ጫናው እጥፍ ነው። ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት የሚመለሱት የልደት መዝሙር እያንጎራጎሩ ነው። ዲሴምበር 25 በእኛ ታኅሣሥ 16 ነው፤ ብርሃን ሳምንት መሆኑ ነው፤ ሥራ ዝግ ስለሆነ ግን ያቺ ቀን ለመንፈሳዊ መርሐ ግብር ትመቻለች፤ ከተሰበሰቡ ዘንድ ደግሞ የልደት መዝሙር ሳይዘምሩ መለያየት ያሳፍራል። አዝንላቸዋለሁ። ለልጅ «የእኛ ገና ነው» ብሎ ማስረዳት ቀላል አይደለም፤ ልጁ «አዎ፣ ገና ነው» ብሎ ሊመልስ ይችላልና።

ነገር ግን የምንኮርጀውን አናውቀውም። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የልደትን መዝሙር በመጠበቂያው ወቅት ዘምሩ አላለችም። እነሱም ከልደት በፊት አራት እሑዶች የሚቆጠርበት አድቬንት የሚባል ወቅት አላቸው፤ ትርጉሙ መምጣት ነው። በካቶሊካውያን ዘንድ ከዲሴምበር 17 እስከ 23 ባሉት ሰባት ምሽቶች፣ በሠርክ ጸሎት ላይ፣ ከእመቤታችን ጸሎት ጋር የሚዜሙ ሰባት አጫጭር ዜማዎች ከጥንት ጀምሮ ወርደዋል። እያንዳንዱ ክርስቶስን ከብሉይ ኪዳን በወጣ ስም ይጠራዋል፤ ጥበብ፣ የእሴይ ሥር፣ የዳዊት መክፈቻ፣ የንጋት ብርሃን እያለ። ሁሉም የሚያርፉት ና በሚል ልመና ላይ ነው። የቅዳሴ መመሪያቸውም በእነዚህ ሳምንታት ኦርጋንና ሌላው መሣሪያ በልክ እንዲሆን ያዛል፤ የልደት ሙሉ ደስታ አስቀድሞ እንዳይፈስ። የነሱ ብርሃንና የእኛ ብርሃን፣ የነሱ ሠርክና የእኛ ሠርክ፣ ምን ያህል እንደሚተያዩ ተመልከቱ። እንግዲህ በድምፅ ማጉያ የሚመጣብን የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ልማድ አይደለም። የገበያ ልማድ ነው። ነጋዴው ልደትን የሚያስቀድመው ዕቃው ከበዓሉ በፊት መሸጥ ስላለበት ነው። እኛ የምንሸጠው ምን አለንና ነው የምንጣደፈው?

ግዕዙ አይገባንም የሚሉም አሉ። ብርሃን ግዕዝ ነው እንዴ? ስብከትስ? ኖላዊ ብቻ ነው የሚፈታው፤ እሱም በአንድ ቃል ያልቃል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ከበዓሉ በኋላ የሚሆነው ነው። ለልደት መዝሙር የተሰጠ ወቅት አለ። ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር 10፣ ድፍን 12 ቀን፣ ዘመነ ልደት ይባላል። በረቱም፣ እረኞቹም፣ ሰብአ ሰገልም የዚያን ጊዜ ናቸው። እስቲ በነዚያ ቀናት የሠርክ ጉባኤ ግቡ። የልደት መዝሙር የለም! ዘማሪው ደክሞታል፤ ሕዝቡ ጠግቧል፤ መዝሙር ክፍሉ ለጥምቀት ልምምድ ገብቷል። ታኅሣሥ 30 ላይ «የልደት መዝሙር እናድርግ» ብትሉ «ገና አልፏል እኮ» ይሏችኋል። ሳይደርስ የዘመርነውን ሲደርስ ተውነው። በዚህ ስሌት የጥምቀትንም መዝሙር በ12ቱ ቀን ጨርሰን ጥር 11 ጃንሜዳ በሰለቸ ድምፅ እንወጣለን። ሁልጊዜ አንድ በዓል እንቀድማለን፤ ስለዚህ የትኛውም በዓል ላይ አንገኝም።

መርሐ ግብሩ ዛሬ ቢሰጠኝ እንዴት አወጣዋለሁ? ቀላል ነው ብዬ አላታልልም። መጀመሪያ ከአምስቱ መዝሙር ሁለቱን እሰርዛለሁ። ባዶ ቦታው ባዶ ይሁን። የታኅሣሥ ማታ በአዲስ አበባ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ሰው ነጠላውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ዝም ብሎ መቀመጥ የሚወድበት ወር ነው፤ ዝምታውን የምንፈራው እኛ መድረክ ላይ ያለነው ነን። ጉባኤው በኪዳን ይከፈት፤ ካህኑ ሲያዜም ሕዝቡ ይቀበል። ለአንዱ ቦታ መሪጌታውን እለምናለሁ፤ የሳምንቱን ዜማ፣ አጠር ያለውን፣ ለመዘምራኑ ከሦስት ሳምንት አስቀድመው እንዲያስጠኑልኝ። ከመዜሙ በፊት አንድ ልጅ ቆሞ ፍቺውን በአማርኛ ያነብባል፤ ሁለት ደቂቃ በቂ ነው። ቀሪዎቹ ሁለቱ የአማርኛ መዝሙሮች ይሁኑ፤ መመዘኛዬ ግን አንድ ነው። ግሡን አያለሁ። መጣ፣ ተወለደ፣ ታየ የሚል ከሆነ ለታኅሣሥ 29 ይቀመጣል። ና፣ አብራ፣ ስማን፣ አትዘግይ የሚል ከሆነ ይገባል። የንስሐ መዝሙር፣ የእመቤታችን መዝሙር፣ ነቢያትን የሚጠራ መዝሙር ሞልቷል፤ ደብተሩን እስከ መጨረሻው ገልጦ የሚያይ ስለሌለ እንጂ።

ሦስቱንም ሳምንት አንድ ዓይነት አላደርጋቸውም። ስብከት ላይ በድምፅ ብቻ፤ ነቢያት በምድረ በዳ ብቻቸውን እንደጮኹ። ብርሃን ላይ ጧፍ አበራለሁ፤ ጀንበር ስትጠልቅ፣ ሕዝቡ ውጭው ሲጨልም እያየ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስደስተኛል። አውሮፓ ውስጥ ይህ ወቅት ቀኑ አጥሮ ሌሊቱ የሚረዝምበት ነው፤ ብርሃን ብለው ሲለምኑ ፀሐይም ትናፍቃቸዋለች። እኛ ዘንድ ታኅሣሥ ጥርት ያለ ሰማይ ነው፤ ገበሬው አውድማ ላይ በጠራራ ፀሐይ ጤፉን ይወቃል። ፀሐይ ሳይጎድለው ብርሃን የሚለምን ሕዝብ የሚለምነው ሌላ ብርሃን መሆኑ ወዲያው ይገባዋል። ኖላዊ ላይ ከበሮው ቀስ ብሎ ይገባል፤ ገና ሳይፈነዳ፤ የሩቅ ሰው እርምጃ እንደሚሰማ። ይህን ሥርዓት ነው አልልም፤ የእኔ አስተያየት ነው። ሊቃውንቱ ቢያርሙኝ ደስታዬ ነው።

ልምምዱስ? ይህ የቀረው ብቸኛ እውነተኛ ጥያቄ ነው። የታኅሣሥ 29ን መዝሙር ሳይለማመዱ መዘመር አይቻልም። በአዳራሹ ጉባኤ ላይ ግን አይሆንም፤ በዚያችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በር ተዘግቶ። ካሳለፍነው ከዚያ ቀዝቃዛ ልደት ቀጥሎ በመጣው ዓመት እንዲህ አደረግን። ብዙ ቅሬታ ነበረ፤ ሁለት ዘማሪዎች አኩርፈው ቀሩ፤ የስብሰባው ሩብ ሰዓት ሦስት ሰዓት ሆነ። ኖላዊ ሳምንት፣ ረቡዕ ማታ፣ ከዚያች ክፍል ውስጥ ዋናውን መዝሙር ስንለማመድ አንዱ ሙቀት ስለበዛበት መስኮቱን ገፋ አድርጎ ከፈተው። ከመቃብር ቤቶቹ በኩል የሚያልፉ አንዲት አሮጊት ድምፃችንን ሰምተው ቆሙ። ምርኩዛቸውን በመስኮቱ ደፍ ላይ አሳርፈው ወደ ውስጥ አዩን።

«ልጆቼ፣ ተወለደ እንዴ?» አሉ።

«ኧረ ገና ነው እማማ» አለቻቸው ለብቻዋ የምታወጣው ልጅ።

«እኔን ሳታሳልፉ እንዳትጀምሩ እንግዲህ» ብለው ሄዱ። መስኮቱን ዘግተን ከሁለተኛው አዝማች ቀጠልን።